«ዝኒ ከማሁ» ማንን ያመለክታል?

የሕግ መጽሔት ገልጣችሁ ከሆነ ከገጹ ግርጌ የታጨቁትን ደቃቅ ፊደላት ሳታዩ አልቀራችሁም። አንዳንዴማ ማስታወሻው ከዋናው ጽሑፍ በልጦ ይገኛል። ለምን ቢሉ፣ የሕግ ጸሐፊ «ከየት አመጣኸው?» ለሚለው ሰው መልሱን እዚያው ማስቀመጥ ስላለበት ነው። እኛም የሥነ ዜጋ እጩ መምህራን እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ማንበብና መጻፍ ስለማይቀርልን ነገሩን ማወቁ ይበጀናል።

አንድ ፍርድ ሃያ ጊዜ ቢጠቀስ ሃያ ጊዜ በሙሉ መጻፍ ወረቀት መፍጀት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በሙሉ፣ ከዚያ በኋላ ባጭሩ ይጻፋል። በእኛ ጽሑፎች ከግዕዝ የወረስነው «ዝኒ ከማሁ» አለ፤ ፈረንጆቹ በላቲን «ኢቢድ» ይላሉ።

ምሳሌ እንውሰድ። በኦክስፎርድ የተዘጋጀ ኦስኮላ የሚባል የአጠቃቀስ ደንብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው 4ኛ እትሙ መሠረት፣ በጠጣችው ጠርሙስ ውስጥ ቀንድ አውጣ ነበረበት ብላ አምራቹን የከሰሰችው የወይዘሮ ዶነሂው ጉዳይ በማስታወሻ 1 ላይ በሙሉ ይጻፋል፦ ዶነሂው በስቴቨንሰን ላይ፣ [1932]፣ የይግባኝ ፍርዶች መድብል 562። ማስታወሻ 2 ያንኑ ፍርድ ከጠቀሰ «ኢቢድ 580» ይበቃል። ሌሎች ምንጮች ገብተው በማስታወሻ 7 ላይ ወደ እሱ ከተመለስን ደግሞ «ዶነሂው (ማስታወሻ 1) 580» ይባላል።

እስከዚህ ቀላል ነው። ጣጣው የሚመጣው ጽሑፉ ሲታረም ነው። በ1 እና በ2 መካከል የሐርትን «የሕግ ጽንሰ ሐሳብ» የሚጠቅስ አዲስ ማስታወሻ ብናስገባስ? ያ «ኢቢድ 580» አሁን ሐርትን ሊያመለክት ነው! መጽሐፉ ደግሞ 580 ገጽ እንኳ የለውም። ኮምፒዩተሩ የማስታወሻዎቹን ተራ ቁጥር ራሱ ያስተካክላል፤ በቅንፍ ውስጥ በእጃችን የጻፍነውን «1» ግን አይነካውም። ይህ እንግዲህ ተራ የፊደል ግድፈት አይደለም፤ ሰውየው ያላለውን ብሏል ማለት ነው።

ለዚህ መላ ከሚሆኑት አንዱ ዞቴሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ከአሜሪካው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የወጣ፣ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። እንደ ቤተ መጻሕፍት የካርድ መሳቢያ አስቡት። ለእያንዳንዱ ምንጭ አንድ ካርድ ይሞላል፤ ስንጽፍ ምንጩን ከመሳቢያው እንጠራዋለን እንጂ «ኢቢድ» ብለን በእጃችን አንጽፍም። ፕሮግራሙ ከዚህ በፊት ተጠቅሷል ወይ፣ ከፊቱ ያለው ማስታወሻ ያው ነው ወይ፣ መጀመሪያ የመጣው በስንተኛው ላይ ነው ብሎ ራሱ አይቶ ሙሉውን ወይም አጭሩን ይመርጣል። አዲስ ማስታወሻ ሲገባ ቁጥሩንም ያድሳል።

ታዲያ ፕሮግራሙ ጠንቋይ አይደለም። አንዱን ፍርድ ሁለት ቦታ ከመዘገብነው ሁለት የተለያዩ ምንጮች ይመስሉታል፤ አጭሩን በሚፈልግበት ቦታ እንደገና በሙሉ ይጽፈዋል። በእጅ የተጻፈ ማስታወሻንም እንደ ምንጭ አይቆጥረውም። የአጭር ርዕስ ሣጥኑን ባዶ ከተውነው «ዶነሂው» በማለት ፈንታ ረጅሙን የፍርድ ስም እየደገመ ያሰለቸናል። የገጽ ቁጥሩም ምንጩ ሲጠራ ለገጽ በተዘጋጀው ቦታ ይሞላ።

የደንቡ ነገርም አለ። ብሉቡክ የሚባለው የአሜሪካኖቹ ደንብ መጽሐፍን «ሱፕራ» ብሎ ወደ ቀድሞው ማስታወሻ ቁጥር ሲመልስ፣ ለፍርድ ግን በአብዛኛው ይህን አይፈቅድም፤ የፍርዱ አጭር ስም እንዲጻፍ ይሻል። ስለዚህ ፍርዱን በመጽሐፍ ካርድ ላይ የመዘገበ ሰው ውጤቱን ቢያይ አይደነቅ። ኧረ ካርዱ በትክክል ተሞልቶም ቢሆን በዓይን ማየት ያስፈልጋል።

ጽሑፉን ከፕሮግራሙ የሚያላቅቅ ትእዛዝም አለው። ከዚያ በኋላ ማስታወሻዎቹ ተራ ጽሑፍ ስለሚሆኑ አይታደሱም። እሱን ሁሉም ታርሞ ካለቀ በኋላ፣ ያውም በቅጂው ላይ ብቻ ማዘዝ ነው።

ኮምፒዩተር ያልደረሰንስ? በረቂቁ ላይ «ዝኒ ከማሁ» አንጻፍ። በየማስታወሻው የደራሲውን ስምና አጭር ርዕሱን እናስፍር፤ ጽሑፉ መጨረሻ ሲገለበጥ ብቻ፣ ከፊቱ ያለውን ማስታወሻ እያየን እንተካው።