ለገና ጉዞ ጋቢው የት ተቀመጠ?

ኅዳር 15 ቀን የሚጀመረው የነቢያት ጾም ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ፣ የልደትን በዓል በላሊበላ ለማክበር የተሰናዳ ቤተሰብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ስንቁ ነው። ቆሎው ይቆላል፣ በሶው ይፈጫል፣ ዳቦው ይጋገራል፤ የመሳፈሪያው ገንዘብ ይቆጠራል፣ ቤት የሚጠብቀው ሰው ይመረጣል። የልብሱ ነገር ግን ለመጨረሻዋ ምሽት ይተውና «ነጠላዬ ታጥቧል ወይ?» ከሚለው ጥያቄ አያልፍም። ነጭና ንጹሕ መሆኑ ከተረጋገጠ ጉዳዩ እንደተፈጸመ ይቆጠራል። እኛም የዚህ ልማድ ተካፋዮች ስለነበርን ማንንም ለመንቀፍ አንደፍርም።

ይህን ጽሑፍ እንድናሰናዳ ያነሣሣን ከዓመታት በፊት በአንድ የገና ጉዞ ላይ ያየነው ነገር ነው። አውቶቡሳችን ከአዲስ አበባ የተነሣው ጎሕ ሳይቀድ ነበር። ደብረ ብርሃንን አልፈን ወደ ጣርማ በር ስንቃረብ ጉሙ መስታወቱን ሸፍኖት፣ በየቀዳዳው የሚገባው ነፋስም የተሳፋሪውን ጨዋታ ጸጥ አሰኝቶት ነበር። ከፊታችን ባለው መቀመጫ ላይ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት በነጠላቸው ተጠቅልለው ይንቀጠቀጣሉ። አጠገባቸው የተቀመጠው ልጃቸው የሚያደርገው ጠፍቶታል።

«ጋቢዬን አምጣልኝ እንጂ ልጄ» አሉት።

«እማዬ፣ ጋቢው እኮ ከሻንጣው ውስጥ ነው፤ ሻንጣው ደግሞ ከመኪናው ጣሪያ ላይ ታስሯል።»

«እንግዲያው ጣሪያው ሞቆታል በለኛ!»

ተሳፋሪው ሳቀ። ነገር ግን የሚያስቅ ብቻ አልነበረም። በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ መኪና አቁሞ ሸራ መፍታት የማይታሰብ ነው፤ እናቲቱም ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር። ኋላ አንድ ጎልማሳ የራሱን ጋቢ አውልቆ ደረበላቸው። ብዙም ሳይቆይ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ደግሞ ያው አውቶቡስ እንደ ምድጃ ጋለ። ከላይ ወፍራም ካፖርት፣ ከውስጥ ስስ ካናቴራ ብቻ የለበሱ ሰዎች ካፖርታቸውን ቢያወልቁ ዕራቁታቸውን የቀሩ ስለሚመስላቸው በላብ ተዘፍቀው ተቀመጡ።

የዚህ መንገድ ጠባይ ይኸው ነው። ጣርማ በር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለውን ዋሻ አልፎ ቁልቁል የወረደ መኪና ደብረ ሲናን ተሻግሮ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ 1,300 ሜትር ግድም ከሆነ ቆላ ውስጥ ይገባል። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ ተጓዡ በአንድ ጠዋት ብቻ የ10 ዲግሪ ልዩነት ያያል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ኮምቦልቻ ይሞቃል፣ ደሴ ይበርዳል፣ ወልድያ ለዘብ ይላል፤ ወደ ጋሸና የሚወጣው ዳገት ግን መልሶ ወደ 3,000 ሜትር ያደርሳል። ከጋሸና እስከ ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ነው። ላሊበላ ራሷ በ2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ በሚረዝመው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጥላ ሥር ትገኛለች።

እንዲህ ላለው መንገድ አንድ ወፍራም ልብስ መፍትሔ አይሆንም። ቀለል ቀለል ያሉትን ደራርቦ መልበስ ይሻላል። ሁለት ስስ ሹራቦች ከአንድ ወፍራም ሹራብ ይበልጥ ያሞቃሉ፤ ሙቀቱን የሚይዘው በልብሶቹ መካከል የሚታገደው አየር ነውና። ቆላ ሲገባ አንዱን ማውለቅ፣ ደጋ ሲወጣ መልሶ መደረብ ይቻላል። በተጨማሪም ልብሱ ሰፋ ያለ ይሁን። የጠበበ ልብስ አየሩን ያስወጣዋል፤ ለረጅም ሰዓት ለተቀመጠ ሰውም አይመችም።

ስለ ገላ ልብስ ጠንከር አድርገን የምንናገረው አለን። በበዓሉ ዋዜማ ተጓዡ ቀኑን በፀሐይ ሽቅብ ቁልቁል ሲል ይውላል። ከአሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት አንዱን ከሌላው የሚያገናኘው መንገድ ሁሉ ደረጃና ዳገት፣ ቦይና ዋሻ ነው። ያልባል። የጥጥ ካናቴራ ላቡን ጠጥቶ ይይዛል፤ ቶሎም አይደርቅም። ፀሐይ ስትጠልቅ ያ እርጥብ ካናቴራ በጀርባ ላይ እንደተለጠፈ ይቀዘቅዛል፤ ከላዩ ምንም ቢደረብበት ብርዱ ከውስጥ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ደረቅ ካናቴራ በእጅ ቦርሳ ይዞ፣ ወደ ሌሊቱ ጸሎት ከመሄድ በፊት መለወጥ ያስፈልጋል። ይህን ያህል ርካሽ ሆኖ ይህን ያህል የሚጠቅም ምክር አናውቅም።

ለመካከለኛው ልብስ ሱፍ የሚያህለው የለም። እርጥበት ቢነካውም ሙቀቱን አይለቅም። የመንዝ ሰዎች በበግ ጠጉር በርኖስና ባና የሚሠሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ብርዱን ከማንም ይልቅ ያውቁታል። ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራው ሹራብም ቀላል ነው፤ ማታ ታጥቦ ጠዋት ይለበሳል። ሆኖም አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት፤ እሳት ሲነካው ይቀልጥና ገላ ላይ ይጣበቃል። በዚያ ሌሊት ደግሞ ጧፍ ያልያዘ ሰው ጥቂት ነው። የነጠላ ጫፍም ቢሆን እሳት ፈጥኖ ይይዘዋልና በተጨናነቀው ሕዝብ መካከል ተሰብስቦ ቢታሰር ይበጃል።

አሁን ወደ ጋቢው እንምጣ። ነጠላ ሁለት ድርብ ሲሆን ጋቢ አራት ድርብ ነው። ቡሉኮ ከዚህም ይከብዳል፤ ለቤት እንጂ ለመንገድ አይመከርም። የጋቢ ሙቀት ያለው በእጅ በተፈተለው ማግ ውስጥ ነው። ድሩ ብዙውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው፤ እናቶች በእንዝርት የፈተሉት ማግ ግን ለስላሳና ያበጠ ስለሆነ አየር ይይዛል። በአራቱ ድርብ መካከልም እንዲሁ አየር ይቀመጣል። አንድ ጋቢ ቀን ትራስ፣ ማታ መጎናጸፊያ፣ ሌሊት ብርድ ልብስ ይሆናል፤ ታጥፎም ከጉልበት ላይ ይቀመጣል። ለዚህ ሁሉ የሚበቃ ሌላ ልብስ ከየትኛውም መደብር አይገኝም ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ድክመቱ ውኃ ነው። የረጠበ ጋቢ ከባድና ቀዝቃዛ ሸክም ነው፤ ለመድረቅም ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ይፈልጋል። ስለሆነም በጉዞ ላይ አጥቦ ለመልበስ ማሰብ አይገባም። ከመነሻው ከአንድ ሳምንት በፊት ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ ፈጽሞ ደርቆ መታጠፍ አለበት። አዲስ ጋቢ ገዝቶ ሳያጥቡ መጓዝም አይመከርም፤ በመጀመሪያው እጥበት ይለሰልሳል፣ ጥቂትም ይሰበሰባል። በረኪና ክሩን ስለሚያደክመው በሳሙናና በፀሐይ ማንጻት ይሻላል። ጥበቡ ቀለም የሚለቅ እንደሆነ ደግሞ ለብቻው በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ ጥላ ሥር ይሰጣ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላው ነገር የሚቀመጡበት ነው። የላሊበላ ምድር አለት ነው። አለቱ ማታ ሲቀዘቅዝ በላዩ የተቀመጠውን ሰው ሙቀት ይስባል፤ ከላይ ሁለት ጋቢ ተደርቦ ከታች ምንም ካልተነጠፈ ድካሙ ከንቱ ነው። አባቶቻችን አጎዛ ይዘው የሚጓዙት ይህን አውቀው ነው። አጎዛ ለማይመቸው ወፍራም ምንጣፍ በላስቲክ ላይ ቢያነጥፍ፣ ጤዛውም ጋቢውን አያበላሽበትም።

በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጫማ ይወልቃል። ስለዚህ ማሰሪያው የበዛ ጫማ በዚያ ሕዝብ መካከል አጎንብሶ ሲፈቱና ሲያስሩ መዋል ነው። ሶሉ የማያንሸራትት፣ እግር ሳብ ሲደረግ የሚወጣ፣ ከዚህ ቀደም የተለመደ ጫማ ይመረጥ። አዲስ ጫማ ለጉዞ መመረቅ እግርን መላጥ ነው። ካልሲ ሁለት ጥንድ ይያዝ፤ አንደኛው ለሌሊቱ ብቻ ይቀመጥ። ጫማውን በፌስታል አድርጎ ከራስ ጋር መያዝ ንጋት ላይ ከብዙ ፍለጋ ያድናል።

እኅቶቻችን ጥበቡ የከበደውን ቀሚስ በመንገድ ላይ ባይለብሱት እንመክራለን። ይጨማደዳል፤ የጋሸናውም አቧራ አይምረውም። ለመንገዱ ጠቆር ያለ፣ ካውያ የማያሻው ቀሚስ ይበቃል፤ ነጩ በንጹሕ ከረጢት ተጠቅልሎ ለዋዜማው ይቆይ። ከቀሚሱ ሥር ረጅም የሹራብ ታይት ማድረግ ከውጭ አይታይም፣ ጉልበትን ግን ያድናል። ሕፃናትን በተመለከተ እናቶች ከልክ በላይ ይጠቀልሏቸዋል። ታዝሎ የሚሄድ ልጅ ከእናቱ ጀርባ ሙቀት ያገኛል፤ የሚበርደው እግሩና ጆሮው ነው። ለእነዚህ ካልሲና ቆብ ከተደረገ ሌላው ቀለል ቢል አይጎዳም።

ከባሕር ማዶ ለበዓሉ የሚመጡ ወገኖቻችን ለበረዶ አገር የተሰፋ ካፖርት ለብሰው እናያቸዋለን። ሌሊቱን ይጠቅማቸዋል፤ ቀን ግን በክንዳቸው ተሸክመውት ይዞራሉ። አገር ውስጥ ያለነው በበኩላችን ከሰልባጅ ተራ ቀለል ያለ ጃኬት ማግኘት እንችላለን፤ ሳይታጠብ እንዳይለበስ እንጂ። ከጃኬቱ በላይ ነጠላ ከተጣለበት ለሥርዓቱም ያምራል።

ሌሊቱ ራሱ ምን ይመስላል? በበጋ ሰማዩ ደመና ስለሌለው ምድር ቀን የሰበሰበችው ሙቀት ማታ ወደ ላይ ይሸሻል። ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ሌሊት ብዙ ነው፤ እጅግ የሚከፋውም ሊነጋጋ ሲል ያለው ሰዓት ነው። ይህ ሰዓት ምእመኑ በጾም የሰነበተበት፣ በመቆም የደከመበት ጊዜ ነው። ምግብ ያነሰው ሰውነት ቶሎ ይበርደዋልና አረጋውያን ብርዱ እስኪሰማቸው ሳይጠብቁ አመሻሹ ላይ ደርበው ይጠብቁት። ከነጋ በኋላ፣ በቤተ ማርያም ካህናቱ ገሚሶቹ ከአለቱ አፋፍ፣ ገሚሶቹ ከግቢው ወለል ሆነው ቤዛ ኵሉን ሲያሸበሽቡ ፀሐይ በነጩ ሕዝብ ላይ ትወጣለች፤ ያን ጊዜ ሁሉም የደረበውን አንድ በአንድ ያወልቃል።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሻንጣውን እንደታሰረ መተው አይገባም። በምንጣፍ ላይ ያደረ ልብስ ቁንጫ ሊያዝል ስለሚችል በዕለቱ ተራግፎ ፀሐይ ይመታው።

የዚያችን እናት ነገር ሳንጨርስ ቀረን። በመመለሻው ቀን ከአውቶቡሱ በር ላይ አገኘናቸው። ረዳቱ ዕቃ ወደ ጣሪያው እየጫነ ነበር፤ ልጃቸው ሻንጣውን አቀበለው። እሳቸው ጋቢውን በአራት አጥፈው ከብብታቸው ሥር ይዘዋል። ረዳቱ «እማማ፣ እሱንም ልጫንልዎት?» ብሎ እጁን ቢዘረጋ፣ «ዞር በል ወዲያ!» ብለውት ገቡ።