ስኬሉ ያለው ቪውፖርቱ ውስጥ ነው፦ የሌይአውት ተረቶችና እውነታው

በ1፡100 በታተመ ፕላን ላይ ስፋቱ 4.20 ሜትር የሆነ መኝታ ክፍል በማስመሪያ ሲለካ 42 ሚሊ ሜትር መምጣት አለበት። 40 ሚሊ ከመጣ ወረቀቱ ዋሽቷል፤ ታይትል ብሎኩ ላይ «ስኬል 1፡100» ተብሎ በደማቁ ቢጻፍም ያው ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት ያላጋጠመው መሐንዲስ ወይም ፎርማን ጥቂት ነው። ሲጠየቅ ደግሞ ጥፋቱ የሚለጠፈው በፕሎተሩ ወይም በማተሚያ ቤቱ ልጅ ላይ ነው። ፕሎተር ግን የታዘዘውን ነው የሚያትመው። ነገሩ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በፊት፣ አውቶካድ ሌይአውት ላይ ነው። ምንጩም አንዱ ለሌላው በቃል ሲያቀብለው የኖረ እምነት ነው።

ተረት፦ «ለ1፡100 የሚሆነውን አሳንሰህ ሣል፤ ለ1፡20 የሚሆነውን አጉልተህ ሣል።»

ይህ ከጠረጴዛና ከቲ-ስኩዌር ዘመን የተረፈ ልማድ ነው። በእጅ ሲሣል ወረቀቱ አንድ ስለሆነ ስኬሉ ከመጀመሪያው መስመር በፊት መወሰን ነበረበት። አውቶካድ በ1982 ሲወጣም የወረቀት ቦታ የሚባል ነገር ለብቻው አልነበረውም፤ ታይትል ብሎኩ ሳይቀር ሕንፃው አጠገብ እዚያው ይሣል ነበር። የወረቀቱ ቦታ ራሱን የቻለው በ1990 በወጣው ሪሊዝ 11 ነው። ከታች የምናያቸው በርካታ የሌይአውት ትሮች ደግሞ ከአውቶካድ 2000 ጋር በ1999 መጡ።

ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ግልጽ ነው። ሞዴል ውስጥ ሕንፃው በእውነተኛ መጠኑ ይሣላል። ሌይአውት ላይ ወረቀቱም በእውነተኛ መጠኑ ይቀመጣል፤ ኤ1 ከሆነ 841 በ594 ሚሊ ሜትር። ሁለቱም አልተቀነሱም፣ አልጎሉም። ቪውፖርት ማለት ወረቀቱ ላይ የተከፈተ መስኮት ነው፤ ስኬል የሚባለው ነገር ያለው በዚህ መስኮት ላይ ብቻ ነው። አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ሦስት መስኮት ከፍቶ ፕላኑን በ1፡100፣ ደረጃውን በ1፡20፣ የሳይት ፕላኑን በ1፡500 ማሳየት ይቻላል፤ የተሣለው ግን አንድ ሕንፃ ነው።

ይህን ያልተቀበለ ሰው የሚያደርገው የታወቀ ነው። ደረጃውን ኮፒ ያደርጋል፣ አምስት ጊዜ ያጎላል፣ ከፕላኑ አጠገብ ያስቀምጣል። 1.20 ሜትር የነበረው የደረጃ ወርድ አሁን ዳይሜንሽን ሲደረግ 6.00 ይላል። ስለዚህ ቁጥሩን ሰርዞ በእጁ «1.20» ብሎ ይጽፍበታል። ከሳምንት በኋላ ባለቤቱ ደረጃው 1.40 ይሁንልኝ ሲል ፕላኑ ይስተካከላል፣ የጎላው ኮፒ ይረሳል፣ በእጅ የተጻፈው ቁጥር ደግሞ መስመሩ ቢሳብም አይለወጥም። ሳይት ላይ የሚነሳው ክርክር ከዚህ ይወለዳል።

ተረት፦ «ከዝርዝሩ ውስጥ 1፡100ን መረጥኩ፤ አለቀ።»

ብዙውን ሰው የሚያሳስተው ይሄኛው ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። አውቶካድ ቪውፖርት ላይ 1፡100 ሲባል የሚረዳው «ወረቀቱ ላይ 1፣ ሥዕሉ ላይ 100» ብሎ ነው። ቁጥርን ከቁጥር ጋር ብቻ ያወዳድራል። ሥዕሉ በሚሊ ሜትር ከተሣለ፣ ወረቀቱም በሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ውጤቱ ትክክል ነው። እዚህ አገር ግን በሜትር የሚሥል ብዙ ነው። ያኔ ያው 1፡100 የሚያስከትለው ወረቀቱ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ለ100 ሜትር እንዲቆም ነው፤ ይህም 1፡100,000 ነው፣ የካርታ ስኬል። 20 ሜትር ርዝመት ያለው ቤት 0.2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። መስኮቱ ባዶ ይመስላል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ሥዕሉ ጠፋ ተብሎ ማውሱ ስክሮል ይደረጋል፣ ቤቱ ብቅ ይላል፣ ትንሽ ይጨመርለታል፣ ወረቀቱን «ደስ በሚል» መጠን ሲሞላው ይቆማል። ታይትል ብሎኩ ላይ ግን 1፡100 ተብሎ ይጻፋል። ዓይን ሊወደው ይችላል፣ ስኬል ግን አይደለም።

ሒሳቡ አንድ መስመር ነው፦ 1 ሜትር 1000 ሚሊ ሜትር ነው፤ 1000ን ለሚፈልጉት ስኬል ያካፍሉ። ለ1፡100 ውጤቱ 10 ነው። ለ1፡50 20፣ ለ1፡200 5፣ ለ1፡20 50፣ ለ1፡500 2። ይህን ቁጥር ለቪውፖርቱ ለመስጠት መስኮቱ ውስጥ ሁለቴ ክሊክ አድርገው ዜድ፣ ኢንተር፣ ከዚያ 10ኤክስፒ፣ ኢንተር። መጨረሻ ላይ ያለው ኤክስፒ «ከወረቀቱ አንጻር» ማለት ስለሆነ መዘለል የለበትም፤ 10 ብቻ ብለው ከጻፉ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል። በሚሊ ሜትር የሣለ ሰው ደግሞ በዚሁ መንገድ 1/100ኤክስፒ ይላል።

በየቀኑ ይህን ማስላት ካሰለቸ የስኬል ዝርዝሩ ሊስተካከል ይችላል። ስኬልሊስትኢዲት በሚባለው ትእዛዝ ገብተው አዲስ ስኬል ይጨምሩ፤ ስሙን «1፡100 በሜትር» ይበሉት፣ የወረቀቱን 10፣ የሥዕሉን 1 ያድርጉ። ይህ በቢሮው ቴምፕሌት ላይ አንዴ ከተቀመጠ አዲስ የገባ ጀማሪም አይሳሳትም። የቢሮ ኃላፊዎች ይህን አለማድረጋቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

አሜሪካ ቢሮ ገብተው የሚሠሩ ወገኖቻችን ደግሞ ሌላ ወጥመድ ይጠብቃቸዋል። እዚያ ለፕላን የተለመደው «አንድ ስምንተኛ ኢንች ለአንድ ጫማ» ሲሆን ይህ 1፡96 ነው። ከ1፡100 ጋር ስለሚቀራረብ ዓይን አይለየውም፤ ማስመሪያ ግን ይለየዋል።

ተረት፦ «ስኬሉን አንዴ ካስተካከልኩት አይነቃነቅም።»

ካልተቆለፈ ይነቃነቃል። ክፈፉ ወፍሮ የሚታይ ከሆነ እርስዎ ያሉት በመስኮቱ በኩል ሞዴል ውስጥ ነው። አንድ መስመር ለማረም ገብተው ማውሱን ትንሽ ስክሮል ካደረጉ 10 የነበረው 9.6342 ሆነ ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ ልዩነቱ አይታይም። ከታች ባለው መስመር ላይ ግን የቪውፖርቱ ስኬል ቁጥር ይታያል፤ እንደ 9.6342 ያለ ጭራው የረዘመ ቁጥር ካዩ አንድ ሰው ነክቶታል።

መድኃኒቱ ስኬሉን እንደሰጡ ክፈፉን መርጠው መቆለፍ ነው። «ከቆለፍኩት ማረም አልችልም» የሚለውም ተረት ነው። የሚቆለፈው ዕይታው እንጂ ሥዕሉ አይደለም፤ ገብተው ግድግዳ መሰረዝ፣ በር ማዛወር ይችላሉ፣ ስክሮል ሲያደርጉ ደግሞ መስኮቱ ብቻ ሳይሆን ወረቀቱ በሙሉ አብሮ ይቀርባል ወይም ይርቃል። ክፈፉን በጥጉ ይዞ መጎተትም ስኬሉን አይለውጥም፤ የሚታየውን ክፍል ብቻ ያሰፋል ወይም ያጠብባል። ሰው የሚፈራው ይህን ነው፣ የማይፈራው ስክሮሉን ነው። ተገላቢጦሽ።

ክፈፉ አብሮ እንዳይታተም ብሎ የሚሰርዘውም አለ፤ ክፈፉ ሲሰረዝ ዕይታውም አብሮ ይሄዳል። ክፈፎቹን ለብቻቸው በአንድ ሌየር ላይ አድርጎ ያ ሌየር እንዳይታተም ማድረግ በቂ ነው።

ተረት፦ «ቪውፖርቱን ስቀይር ጽሑፌ ተሰረዘ።»

አልተሰረዘም። ከአውቶካድ 2008 ጀምሮ አኖቴቲቭ የሚባል የጽሑፍና የዳይሜንሽን ዓይነት አለ፤ ወረቀቱ ላይ 2.5 ሚሊ ሜትር ይሁን ካሉት በ1፡100ም ሆነ በ1፡50 መስኮት ሲታይ 2.5 ሆኖ ይታተማል። ነገር ግን እያንዳንዱ ጽሑፍ የየትኞቹ ስኬሎች እንደሆነ በላዩ ተመዝግቧል። የመስኮቱ ስኬል ከዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ እዚያ መስኮት ላይ አይታይም። ጽሑፉን መርጠው የጎደለውን ስኬል ሲጨምሩለት ይመለሳል።

አኖቴቲቭ የማይወድ ሰው በድሮው መንገድ ማስላት ይችላል፤ በሚሊ ሜትር ከተሣለ ለ1፡100 የሚሆን ጽሑፍ 250፣ ለ1፡50 ደግሞ 125 ቁመት ይሰጠዋል። ይሠራል። ግን ያው ክፍል በሁለት ስኬል ሊወጣ ከሆነ ሁለት ጊዜ መጻፍ ይመጣል።

ተረት፦ «ፒዲኤፍ ካደረግሁት በኋላ ማንም አይነካውም።»

ስኬሉ ከቪውፖርቱ ከወጣ በኋላ ሊበላሽባቸው የሚችሉ ሁለት በሮች ይቀራሉ። የመጀመሪያው የፕሎት መስኮቱ ነው። ሌይአውት በእውነተኛ መጠኑ ስለተዘጋጀ መታተም ያለበት 1፡1 ነው። ምን ይታተም ለሚለው ሌይአውት የሚለውን ከመረጡ «ወረቀቱን ይሙላ» የሚለው ምርጫ ራሱ ይደበዝዛል፣ መሳሳት አይቻልም። ኤክስቴንት ወይም ዊንዶው ብለው ከመረጡ ግን ይከፈታል፤ ከዚያ ስኬሉ ጥቂት ሸርተት ይላል።

ሁለተኛው በር ፒዲኤፉን ከፍቶ የሚያትመው ሰው ነው። እዚያም «ገጹን ይሙላ» የሚል ምርጫ አለ፤ ፕሪንተሩ ጠርዝ ላይ ማተም ስለማይችል ሥዕሉን ጥቂት ያሳንሰዋል። ወደ 96 በመቶ ካሳነሰው የቅድሙ 42 ሚሊ 40.3 ይሆናል፣ በማስመሪያ የሚለካ ሰውም 4.20 ሜትሩን 4.03 ብሎ ያነባል። ወርድም ቁመትም ስለሚቀንስ የወለል ስፋት ሲሰላ ወደ 8 በመቶ ይጎድላል፤ ለሴራሚክ ዋጋ የሚያወጣ ሰው ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም። ስለዚህ ማተሚያ ቤት ሲሄዱ «በትክክለኛ መጠኑ፣ መቶ በመቶ» ብለው ይዘዙ።

ኤ1 የተዘጋጀውን በኤ3 ማተም ግን ከታወቀ ችግር የለውም። ኤ3 በርዝመት የኤ1 ትክክለኛ ግማሽ ስለሆነ 1፡100 የነበረው 1፡200 ይሆናል። ወደ ኤ2 ከሆነ ግን 1፡141 ገደማ ይመጣል፣ ይህን የሚለካ ማስመሪያ የለም። ለዚህ ነው ከቁጥሩ ጎን የተሣለ የስኬል ባር የሚጠቅመው፤ ወረቀቱ ሲያንስ አብሮ ስለሚያንስ እውነቱን አይለቅም። ታይትል ብሎኩ ላይም «1፡100 በኤ1» ብሎ ወረቀቱን መጥቀስ ሦስት ቃል አይሞላም።

አንድ የመጨረሻ መከላከያ አለ፦ «ማሳሰቢያ ጽፈናል፤ በማስመሪያ አይለኩ፣ የተጻፈውን ልኬት ይከተሉ።» ማሳሰቢያው ትክክል ነው፣ ይኑርም። ግን ሁሉም ነገር ዳይሜንሽን አይደረግበትም። ያልተጻፈውን የሚፈልግ ሰው፣ ብዛት የሚያወጣም ሆነ ፕላን የሚመረምር፣ ማስመሪያውን ማውጣቱ አይቀርም።

ስለዚህ የሚቀጥለውን ሥራ ከማስረከብዎ በፊት አንድ ሉህ አትመው የሚያውቁትን አንድ ግድግዳ ይለኩ። ካልገጠመ ከኋላ ወደ ፊት ይፈትሹ፦ መጀመሪያ ፒዲኤፉ የታተመበትን መጠን፣ ቀጥሎ ፕሎቱ 1፡1 መሆኑን፣ መጨረሻ የቪውፖርቱን ቁጥር። ሲገጥም ይቆልፉትና ይላኩት።