የግቢያችን ኮንክሪት ለምን ይሰነጠቃል?

በከተሞቻችን አንድ ቤተሰብ ቤት ሠርቶ ከገባ በኋላ ከሚያስባቸው ነገሮች አንዱ ግቢውን ከጭቃና ከአቧራ መገላገል ነው። ለዚህም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ገንዘብ ተጠራቅሞ ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር ይገዛል፤ ከውጭው በር እስከ መኪና ማቆሚያው ያለው ቦታም በኮንክሪት ይነጠፋል። ብዙ ጊዜ ግን አንድ ክረምት ሳያልፍ ንጣፉ ይሰነጠቃል፤ ፊቱም እየተፈረፈረ አቧራ ይሆናል። ጥፋቱ ሁሉ ለሲሚንቶው ወይም ለግንበኛው ይሰጣል። በዚህ ጽሑፍ የችግሩን መንስኤዎች ከኬሚስትሪና ከፊዚክስ አንጻር እንመረምራለን፤ በቤት ደረጃ ሊደረጉ የሚችሉ ጥንቃቄዎችንም እንጠቁማለን።

ኮንክሪት የሚጠነክረው በመድረቅ አይደለም

በተለምዶ «ኮንክሪቱ ደርቋል» እንላለን። አባባሉ ግን የሚሆነውን ነገር በትክክል አይገልጽም። ጭቃ የሚጠነክረው ውሃው ተንኖ ሲወጣ ነው፤ ስለዚህም መልሰን ብናረጥበው ዳግም ጭቃ ይሆናል። ኮንክሪት ግን የሚጠነክረው ሲሚንቶው ከውሃው ጋር በኬሚካል ሲዋሃድ ነው። ይህ ሂደት ሃይድሬሽን ይባላል።

ፖርትላንድ ሲሚንቶ ስሙን ያገኘው እንግሊዛዊው ጆሴፍ አስፕዲን እ.ኤ.አ. በ1824 ካስመዘገበው የፈጠራ መብት ነው። የዛሬው ሲሚንቶ ዋነኛ ይዘት ካልሲየም ሲሊኬቶች ናቸው። እነዚህ ከውሃ ጋር ሲዋሃዱ ካልሲየም ሲሊኬት ሃይድሬትና ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይፈጠራሉ፤ ሙቀትም ይለቀቃል። አሸዋውንና ጠጠሩን አጣብቆ እንደ አንድ ድንጋይ የሚያደርጋቸው በዋናነት የመጀመሪያው ውሁድ ነው። ሂደቱ ውሃ እስካለ ድረስ ለሳምንታትና ለወራት ይቀጥላል። ውሃው አስቀድሞ ተንኖ ካለቀ ግን ይቆማል፤ ኮንክሪቱም ሊደርስበት ከሚችለው ጥንካሬ ሳይደርስ ይቀራል።

ትርፍ ውሃ ያለው ጉዳት

እዚህ ላይ አንባቢ «እንግዲያው ውሃ ማብዛት ይጠቅማል ማለት ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ ውሃው በሚጨመርበት ጊዜ ይወሰናል። ከጠነከረ በኋላ የሚጠጣው ውሃ ይጠቅመዋል፤ ሲቦካ የሚጨመርበት ትርፍ ውሃ ግን ይጎዳዋል።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ዳፍ አብራምስ እ.ኤ.አ. በ1918 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ የኮንክሪት ጥንካሬ በዋናነት የሚወሰነው በውሃውና በሲሚንቶው የክብደት ንጽጽር ነው። ለሃይድሬሽን ከሚያስፈልገው በላይ የገባ ውሃ ቀስ በቀስ ተንኖ ሲወጣ በቦታው ጥቃቅን ቀዳዳዎችን ይተዋል። ቀዳዳ የበዛበት ኮንክሪት ደካማ ነው፤ ውሃም በቀላሉ ያስገባል።

ለምሳሌ 50 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ በ25 ሊትር ውሃ ቢቦካ ንጽጽሩ 0.5 ይሆናል። ሠራተኞች በአካፋ ለማገላበጥ እንዲቀላቸው ግማሽ ጀሪካን፣ ማለትም 10 ሊትር ቢጨምሩ ንጽጽሩ ወደ 0.7 ከፍ ይላል። በዚህም ኮንክሪቱ ከጥንካሬው ሲሶ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ሊያጣ ይችላል። ቤተሰቡ ለሲሚንቶ ያወጣው ገንዘብ በግማሽ ጀሪካን ውሃ ባከነ ማለት ነው። አሸዋው እርጥብ ከሆነም የያዘው ውሃ ከ25 ሊትሩ መቀነስ አለበት።

መጠኑን አስቀድሞ ማስላት

5 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ስፋት ያለው የመኪና መግቢያ በ10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢነጠፍ 1.5 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይፈልጋል። ለቤት መኪና ይህ ውፍረት በጥሩ መሠረት ላይ ካረፈ በቂ ነው። ድብልቁ 1 እጅ ሲሚንቶ፣ 2 እጅ አሸዋና 3 እጅ ጠጠር ይሁን እንበል። 50 በ40 በ18 ሴንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ሣጥን 36 ሊትር ይይዛል፤ ይህም ከአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ይዘት ጋር ይቀራረባል። በዚህ ስሌት 11 ከረጢት ሲሚንቶ፣ 22 ሣጥን አሸዋና 33 ሣጥን ጠጠር ያስፈልጋል። በአካፋ ቁጥር መለካት ግን አያስተማምንም፤ አንዱ አካፋ ከሌላው እኩል አይሆንምና።

ከሥር ያለው አፈር

ኮንክሪት መጨመቅን በሚገባ ይቋቋማል፤ መሳብን የመቋቋም አቅሙ ግን የዚያን አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ከሥሩ ያለው አፈር በአንድ ወገን ሲሰጥም ወይም ሲያብጥ ንጣፉ ይታጠፋል፤ በተሳበው ፊቱ በኩልም ይሰነጠቃል። እንደ ቦሌና አቃቂ ባሉ የአዲስ አበባ አካባቢዎች የሚገኘው ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ መጥጦ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይኮማተራል። ስለዚህ በዚህ አፈር ላይ በቀጥታ ኮንክሪት ማፍሰስ አይገባም። ጥቁሩ አፈር በተቻለ መጠን ወጥቶ በማያብጥ ገረጋንቲ መተካትና በየደረጃው መጠቅጠቅ አለበት። ንጣፉም ውሃ እንዳይቋጥር በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከቤቱ ወደ ውጭ ማዘንበል ይኖርበታል።

ስንጥቁን ቦታ ማስያዝ

አፈሩ ቢስተካከልም ኮንክሪት በራሱ ይኮማተራል። 5 ሜትር ርዝመት ያለው ንጣፍ ትርፍ እርጥበቱ ሲወጣ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ሊያጥር ይችላል። አፈሩ እንዳይንሸራተት ስለሚይዘው ይሳባል፤ ከዚያም ይሰነጠቃል። ይህን ፈጽሞ መከላከል አስቸጋሪ ነው፤ የሚሰነጠቅበትን ቦታ መምረጥ ግን ይቻላል። ለዚህም በየ2.5 ወይም በየ3 ሜትሩ የውፍረቱን ሩብ ያህል፣ ማለትም 2.5 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ መስመር ይወጣል። ስንጥቁም ከመስመሩ ሥር ይደበቃል። ብረት ቢገባበት ስንጥቁን አያስቀርም፤ እንዳይሰፋ ግን ይይዘዋል። ይህም የሚሆነው ብረቱ መሬት ላይ ሳይተኛ ከፍ ብሎ ሲቀመጥ ነው።

ከፈሰሰ በኋላ ያሉት ቀናት

ንጣፉ እንደፈሰሰ ውሃ ወደ ላይ ይወጣል። ይህን ውሃ ለማድረቅ ሲሚንቶ መነስነስ የተለመደ ስህተት ነው፤ ፊቱን ደካማና በቀላሉ የሚላጥ ያደርገዋል። ውሃው እስኪጠፋ ታግሶ ማለስለስ ይገባል። ፊቱ ከጠነከረ በኋላ በእርጥብ ጆንያ ወይም በአሸዋ ሸፍኖ ቢያንስ ለ7 ቀናት ሳያቋርጡ ማጠጣት ያስፈልጋል። ፖዞላና የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ጥንካሬ የሚያገኘው በዝግታ ስለሆነ 10 ቀንና ከዚያ በላይ ቢጠጣ ይመረጣል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ሥራውን ከመጀመር በፊት ለማጠጫ የሚሆነውን ማጠራቀም፣ ጆንያውንም በፕላስቲክ ሸፍኖ ትነቱን መቀነስ ይበጃል። የቤት መኪና ከ7 ቀን በፊት፣ ከባድ መኪና ደግሞ ከ28 ቀን በፊት ባይገባበት ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ልናሳስብ እንወዳለን። እርጥብ ሲሚንቶ ኃይለኛ አልካሊ ሲሆን ፒኤች ልኬቱ ከ12 በላይ ይደርሳል። በባዶ እግሩ ገብቶ ለሰዓታት የሚሠራ ሰው ሕመም ሳይሰማው ቆዳው ሊቃጠል ይችላል። ለቀን ሠራተኛው ቦቲ ጫማና ጓንት ማቅረብ፣ የነካውንም ቦታ በብዙ ንጹሕ ውሃ ማጠብ የአሠሪው ግዴታ ሊሆን ይገባል።

ስንጥቅ ቢታይስ?

ስንጥቅ ሁሉ አያሰጋም። በስንጥቁ ሁለት ጫፎች ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጎ ቀኑን መጻፍ፣ ስፋቱንም በማስመሪያ መለካት ጥሩ ዘዴ ነው። ከአንድ ክረምትና ከአንድ በጋ በኋላ ካልረዘመና ካልሰፋ በሚገባ ጸድቶ ሊሞላ ይችላል። እየሰፋ ከሄደ ወይም አንዱ ጎን ከሌላው ዝቅ ካለ ግን ችግሩ ያለው ከሥር ነው፤ ላዩን መለሰን ብቻ መፍትሔ አይሆንም። በዚህ ጊዜ አስቀድሞ መታየት ያለበት ከጣሪያው አሸንዳ የሚወርደው ውሃ የት እንደሚገባ ነው። ተማሪዎች ይህን ምርመራ ዛሬውኑ በየግቢያቸው ሊጀምሩት ይችላሉ፤ የሚያስፈልገው እርሳስ፣ ማስመሪያና የአንድ ዓመት ትዕግሥት ብቻ ነው።