የልጅነታችንን መኪና መግዛት፦ ልብ ሲመኝ ኪስ ምን ይላል?

ሐበሻ ወንዶች ቡና ላይ ሲቀመጡ ወሬው ከኳስና ከፖለቲካ ቀጥሎ መኪና ላይ ማረፉ አይቀርም። እዚህ ዲቤንዶርፍ ሬስቶራንታችን ውስጥ በየሳምንቱ የምሰማው ነው። የሚገርመው ታዲያ ደጅ የቆመችው አዲሷ መኪና አይደለችም የምትነሳው። "የአባቴ ቮልስ"፣ "የጎረቤታችን ሰይቼንቶ"፣ "ደሴ ድረስ ያደረሰችን ፔጆ 404" ነው የሚባለው።

ሃምሳ ዓመት አልፎን፣ ልጆች አድገው፣ እጃችን ትንሽ ፈታ ሲል አንድ ሐሳብ ብቅ ይላል፦ ያቺን መኪና ብገዛትስ? ስዊዘርላንድ ደግሞ አሮጌ መኪና እንደ ዕንቁላል ተጠብቆ የሚያዝበት አገር ስለሆነ ፈተናው ይብሳል። እኔም ከተፈታኞቹ አንዱ ነኝ። የእኔዋ ካርማን ጊያ ትባላለች። ስለ እሷ፣ ስለ ሕጉ፣ ስለ ወጪውና መግዛት ከመታሰቡ በፊት ቤት ውስጥ ስለሚያስፈልገው ምክክር እስቲ እንጫወት።

ቮልስና ቆንጆዋ እህቷ

ቮልስን የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው። ራዲያተር ስለሌላት "ውኃ አፈላች" ብሎ ነገር የለም። የሞተሩ ክብደት የሚያርፈው በሚገፏት የኋላ ጎማዎች ላይ ስለሆነ ጭቃ ላይ በቀላሉ አትሸነፍም። የእንጦጦን ዳገት ለመውጣትም ሆነ የክረምቱን የሰፈር መንገድ ለማለፍ የተመቸች ነበረች። ዕቃዋ ሶማሌ ተራ ይገኛል፤ ሜካኒኩም ከእሷ ጋር አብሮ ያደገ ነው።

ታሪካችን ውስጥም ገብታለች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሲያስወጣቸው፣ ሮልስ ሮይስ የለመዱትን ንጉሠ ነገሥት ያሳፈራቸው ቮልስ ላይ ነው።

ቮልስ የተወለደችው በኢንጂነር ፈርዲናንድ ፖርሽ ቢሮ ነው። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጣች። የፈርዲናንድ ልጅ ፌሪ ፖርሽ ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ የቮልስን ዕቃ ተጠቅሞ የስፖርት መኪና ሠራ። የመጀመሪያዋ ፖርሽ 356 እ.ኤ.አ. በ1948 ኦስትሪያ ውስጥ ተሠርታ የተሸጠችው ወዴት መሰላችሁ? ወደዚሁ ወደ ዙሪክ ነው። በዓመቱ በ1949 ደግሞ 356 በጄኔቫው የመኪና ኤግዚቢሽን ለሕዝብ ቀረበች። ያቺ የመጀመሪያዋ መኪና ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ቆይታ ኩባንያው ራሱ መልሶ ወሰዳት። የድሮ መኪና ናፍቆት ሠሪዎቹንም ይይዛል ማለት ነው።

ፖርሽ የሀብታም ቤት ልጅ ናት። ካርማን ጊያ ግን የመካከለኛው ሰው የስፖርት መኪና ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1955 ስትወጣ ከስር ያው ቮልስ ናት። ልብሷን የነደፈላት የቱሪኑ ጊያ፣ የሰፋላት ደግሞ ጀርመን ኦስናብሩክ ያለው የካርማን ፋብሪካ ነው። እስከ 1974 ድረስ ከ440 ሺህ በላይ ተሠርታለች። ጉልበቷን ከጠየቃችሁኝ የመጀመሪያዎቹ 30 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበራቸው። እዚህ አውቶባን ላይ የሚፈቀደውን 120 ለመድረስ ጸሎት ያስፈልጋታል። ቁመናዋ ግን ቆማም እየሮጠች ያስመስላታል።

ለእኔ መንገድ የተሸጠች መኪና

አጎቴ ሜካኒክ ነበሩ። ካርማን ጊያዋን የገዟት ከአብዮቱ በኋላ አገር ለቅቆ ከሄደ ጣሊያናዊ አሠሪያቸው ነው። ቀይ ናት። ካዛንቺስ ግቢያችን ጥግ ላይ በሸራ ተሸፍና ትከርምና እሑድ ትገለጣለች። ነዳጅ በኩፖን በነበረበት ዘመን ብዙም አትነዳም፤ ሞተሯ ተነስቶ፣ ትንሽ ሞቆ፣ ይጠፋል። የእኔ ሥራ ጎማዋን ማጠብና ክላክሷን አለመንካት ነበር።

በ1982 ዓ.ም. ከአገር ስወጣ የመንገዴን ወጪ የሸፈኑት እሷን ሽጠው ነው። ለእኔ አልነገሩኝም። ካርቱም ደርሼ ደብዳቤ ስጽፍ እናቴ ናት በመልሷ ያሳወቀችኝ። ማታ ሬስቶራንቱን ዘግቼ የመኪና ማስታወቂያ ሳገላብጥ የሚታየኝ ባዶ የቀረው የግቢያችን ጥግ ነው።

በቅርቡ ደውዬ "ጋሼ፣ ካርማን ጊያ ልገዛ አስቤያለሁ" ስላቸው ሳቁ። "ቀይ የቀባኋት እኮ ዝገቷን ልደብቅ ብዬ ነው" አሉኝ። "ቀለሟን ተወውና ከስሯ ተኝተህ እይ።"

"ይዤ እገባለሁ" የሚለው ሕልም

ብዙዎቻችን "እዚህ ገዝቼ፣ አሳምሬ፣ ጡረታ ስወጣ ይዤ አገሬ እገባለሁ" እንላለን። ይኼን ሕልም አሁኑኑ ማስተካከል ይሻላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ አሮጌ መኪና ላይ ከዋጋው በእጥፍ የሚበልጥ ታክስ ጣለ። ከዚያ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ። ቤንዚን የምትጠጣ የ50 ዓመት መኪና በሁለቱም ወንፊት አታልፍም።

ስለዚህ ያለው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው እዚህ ገዝቶ እዚሁ መንዳት ነው። ሁለተኛው እዚያው አገር ቤት ያለችውን ቮልስ ገዝቶ ማሳደስ ነው፤ ታድሰው የሚያብረቀርቁ ቮልሶች አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም ይታያሉ። በሩቅ ሆኖ መኪና ማሳደስ ግን በሩቅ ሆኖ ቤት እንደ ማሠራት ነው። የደረሰበት ያውቀዋል።

እዚህ ሕጉ ምን ይላል?

ስዊዘርላንድ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ መንገድ ላይ ከወጣች 30 ዓመት የሞላት፣ የድሮ መልኳን ያልለቀቀችና በደንብ የተያዘች መኪና "ቬተራን" ተብላ ልትመዘገብ ትችላለች። ሊብሬዋ ላይ 180 የሚል ቁጥር ይገባል።

ጥቅሙ፦ እኛ አገር ለቦሎ የምናደርገው ዓይነት ምርመራ በ6 ዓመት አንዴ ይሆንላችኋል። ኢንሹራንሱም ብዙ ጊዜ ረከስ ይላል።

ግዴታው፦ መኪናዋ ለግል ብቻ ናት፤ በዓመትም ከ2,000 እስከ 3,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የምትነዳው። እንጀራ ላመላልስባት፣ በክፍያ ሙሽራ ልሸኝባት ማለት አይሠራም።

ሌላ መኪና ካላችሁ ለሁለቱ አንድ ታርጋ ማውጣት ይቻላል፤ ቬክሰልኑመር ይሉታል። ታርጋው የተለጠፈባት ብቻ ናት መንገድ ላይ የምትወጣው። ሌላዋ የግል ቦታ ላይ መቆም አለባት፤ መንገድ ዳር ማቆም ክልክል ነው። እንግዲህ የመኪና ማቆሚያ ኪራይ ወጪው ውስጥ ይግባ። ክረምት እዚህ መንገዱ ላይ ጨው ስለሚበተን አሮጌ መኪናን ከኅዳር እስከ መጋቢት ከቤት ባታወጧት ይመረጣል። ጨው የላሜራ ጠላት ነው።

ስትገዙ ምን ታያላችሁ?

የአጎቴን ምክር ዘርዘር ላድርገው።

- ቮልስ ከሆነች የኋላውን መቀመጫ አንሱ። ባትሪዋ እዚያ ሥር ነው ያለው፤ ወለሉ መጀመሪያ የሚበላው በዚያ በኩል ነው።
- ካርማን ጊያ ከሆነች አፍንጫዋንና የፊት መብራቶቿን ዙሪያ መርምሩ። የቮልስ ፓራፋንጎ በብሎን ተፈትቶ ይቀየራል። የካርማን ጊያ ግን በብየዳ የተያያዘና በእጅ የተስተካከለ ስለሆነ ትንሽ ግጭት እንኳ ብዙ የላሜራ ሥራ ይጠይቃል። ሞተሯ የቮልስ ስለሆነ አያስፈራም። ኪስ የሚያራግፈው ቦዲዋ ነው።
- ትንሽ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ላሜራ ላይ ይጣበቃል፤ ስቱኮ የተሞላበት ቦታ ላይ አይጣበቅም። ቀለሙ እንዳይጫር በጨርቅ ጠቅልሉት።
- ማስታወቂያ ላይ በዙሪክ በኩል "አብ ኤም ኤፍ ካ"፣ በጄኔቫ በኩል "ኤክስፐርቲዜ" ካለ ምርመራ አልፋለች ማለት ነው። መቼ ብላችሁ ቀኑን ጠይቁ፤ ወረቀቱንም በዓይናችሁ እዩ።
- ሊብሬው ላይ 178 የሚል ቁጥር ካያችሁ ቁሙ። ያለ ፋይናንስ ሰጪው ፈቃድ መኪናዋ ወደ ሌላ ሰው አትዛወርም ማለት ነው።
- ራሳችሁ ካልቻላችሁ የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። እ.ኤ.አ. በ1896 ጄኔቫ ላይ የተመሠረተው የአሽከርካሪዎች ማኅበር ቲ.ሲ.ኤስ. በክፍያ ያገለገለ መኪና ይመረምራል።
- ከጀርመን የምታመጡ ከሆነ የሻጩን ዋጋ ብቻ አትቁጠሩ። ድንበር ላይ የሚከፈል 8.1 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ አለ፤ ማጓጓዣና የመጀመሪያው ምርመራም ይጨመርበታል።

"አስቀምጣት፣ ዋጋዋ ይጨምራል" የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። ሊጨምር ይችላል። ነገር ግን ኪራይ፣ ኢንሹራንስና ጥገና በየዓመቱ እየበሉ እንደሚሄዱ አትርሱ። እንዲህ ዓይነት መኪና የሚገዛው ሊነዳት ለሚፈልግ ሰው ነው። ትርፍ የሚፈልግ ሌላ ነገር ይፈልግ።

ቤት ውስጥ የሚደረገው ንግግር

ሻጩ ጋ ከመሄድ በፊት የትዳር ጓደኛ ጋ መሄድ ይቀድማል። ባለቤቴ ስነግራት "እምቢ" አላለችም። ሦስት ነገር ነው ያለችኝ። አንደኛ፣ በብድር አይሆንም። ሁለተኛ፣ ለልጆች ትምህርት የተቀመጠው ገንዘብ አይነካም፤ መኪናዋ የራሷ ሒሳብ ይከፈትላት፣ በየወሩ የቻልነውን እናስገባ። ሦስተኛውን በጥያቄ ነው ያመጣችው፦ "ለመሆኑ ዕዳህ ለመኪናዋ ነው ወይስ ለጋሼ?"

ይኼ ጥያቄ አንድ ሳምንት ሙሉ ኩሽና ውስጥ ተከተለኝ። ስድስት ዓመት ሆነኝ እሳቸውን በአካል ካየሁ፤ ዕድሜያቸውም ሰማንያን እየተጠጋ ነው። ሒሳቡ ተከፍቷል፣ ገንዘቡም ቀስ እያለ ይጠራቀማል። ከሁሉ በፊት ግን ለዘንድሮ ጥምቀት የአዲስ አበባ ትኬት ቆርጫለሁ። ማስታወቂያ ላይ ያየኋቸውን የሦስት ካርማን ጊያዎች ፎቶ አትሜ እወስዳለሁ። የትኛዋ ዝገቷን እንደደበቀች እሳቸው ይንገሩኝ።

ትንንሽ ልጆች ላሏችሁ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ፦ እዚህ አገር ከ12 ዓመት በታች ሆኖ ቁመቱ 150 ሳንቲ ሜትር ያልሞላ ልጅ የልጅ መቀመጫ ግዴታው ነው። አሮጌ መኪኖች ከኋላ የደህንነት ቀበቶ ላይኖራቸው ይችላል። ልጆቻችሁን ማሳፈር ከፈለጋችሁ የትራፊክ ቢሮውን ጠይቁ፤ ቀበቶ ማስገጠም ይቻል እንደሆነም ጋራዡን አማክሩ። የካርማን ጊያ የኋላ ወንበር ለልጅ እንኳ ይጠባል።

ለልጆች

ልጆች፣ ይኼ የእናንተ ክፍል ነው። ቮልስ ፊቷ ላይ ሞተር የላትም። የፊቱን ኮፈን ስትከፍቱት ሻንጣ ነው የምታገኙት! ሞተሯ ከኋላ ሆኖ ይገፋታል።

አሁን ደግሞ የቤት ሥራ። እናታችሁን ወይም አባታችሁን እነዚህን ጠይቁ፦

1. መጀመሪያ የተሳፈራችሁባት መኪና ምን ዓይነት ናት? ቀለሟስ?
2. የማን ነበረች? ስንት ሰው ነበር የምትጭነው?
3. መንገድ ላይ ተበላሽታባችሁ ታውቃለች? ማን ገፋት?
4. በመጨረሻ የት ደረሰች?

መልሱን በአማርኛ ጻፉትና መኪናዋን ሣሏት። ሥዕሉን ፍሪጅ ላይ ለጥፉት። አራተኛውን ጥያቄ ስትጠይቁ ግን ወላጆቻችሁ ቶሎ ባይመልሱላችሁ ትንሽ ጠብቋቸው።