ከመንቆረር እስከ ደብረ ማርቆስ

ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ ወደ ጎጃም ስትጓዙ በጎሐ ጽዮን በኩል ወደ ዓባይ በረሃ ትወርዳላችሁ። የደጀንን ዳገት ከወጣችሁ በኋላ ግን አገሩ ሜዳ፣ አየሩም ቀዝቃዛ ይሆናል፤ ግራና ቀኙ የጤፍ ማሳ ነው። ሉማሜን አልፋችሁ ደብረ ማርቆስን ታገኛላችሁ። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከፍታዋም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ይበልጣል።

የባሕር ማዶ ጸሐፊዎች የአሮጌ ከተማን ውበት ሲያደንቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚያደንቁት ድንጋዩን ነው። በካሪቢያን ባሕር፣ በኩባ ደሴት የምትገኘውን ትሪኒዳድን እ.ኤ.አ. በ1514 የቆረቆሯት ስፔናውያን ናቸው። በሸንኮራ አገዳ ሀብትና በባሮች ላብ የተሠሩት ቤቶቿ ዛሬም ስለ ቆሙ ጎብኚው ታሪኳን በዓይኑ ያያል። ደብረ ማርቆስ ግን በአብዛኛው የተሠራችው በእንጨትና በጭቃ፣ በሣር ክዳን ነበር። እንጨት ይበሰብሳል፤ ሣርም ይረግፋል። ስለዚህ ታሪኳን የሚፈልግ ሰው ከግንቡ ይልቅ ስሞቿን መጠየቅ ይኖርበታል።

የቀድሞ ስሟ መንቆረር ነው። በ1845 ዓ.ም. ገደማ ደጃዝማች ተድላ ጓሉ እንደ ቆረቆሯት ይነገራል። ራስ አዳል ተሰማ በጥር ወር 1873 ዓ.ም. ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘውድ ተቀብለው ተክለ ሃይማኖት፣ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ በተባሉ ጊዜ መንቆረር የንጉሥ መናገሻ ለመሆን በቃች። በእርሳቸውም ዘመን ከተማዋ በወንጌላዊው በማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ተጠራች። እዚህ ላይ ስለ ቋንቋው አንድ ነገር አስተውሉ። «ደብር» በግእዝ ተራራ ማለት ነው፤ ዘርፍ ሲከተለው «ደብረ» ይሆናል። በአማርኛ ግን ዘርፉ «የ»ን ይዞ ይቀድምና «የማርቆስ ደብር» እንላለን። ደብረ ታቦርንና ደብረ ብርሃንን በዚሁ መንገድ መርምሯቸው።

የንጉሡ ዕድል ሁልጊዜ የተቃና አልነበረም። በግንቦት ወር 1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋር ተዋግተው ተማረኩ፤ ከፋም ከእጃቸው ወጣች። ሆኖም በ1888 ዓ.ም. ከዚያው ከምኒልክ ጋር ዓድዋ ዘመቱ። ያረፉት በ1893 ዓ.ም. ነው።

የባዕድ አገዛዝ ደብረ ማርቆስን የነካት በኢጣልያ ወረራ ጊዜ ነው። ጠላት በግንቦት ወር 1928 ዓ.ም. ከተማዋን ቢይዝም ገጠሩ የአርበኞች ነበር፤ ወታደሩ ከምሽጉ ርቆ መሄድ የሚፈራበት ጊዜ ብዙ ነው። በመጨረሻም ጠላት ወደ ዓባይ ሸሸ፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ድንበር ተነሥተው መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ገቡ። በዚያው ቀን አዲስ አበባ በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቀች፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን ወደዚያ የገቡት ከአንድ ወር ገደማ በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን ነው።

ከከተማዋ አቅራቢያ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የሚባል ቦታ አለ። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት በዚያ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ይህንኑ የጎጃም አገር፣ ማንኩሳንና ዲማን፣ ከነሰዎቹ አኗኗር ያሳያል። መጽሐፉን ስታነቡ የፊታውራሪ መሸሻን ግቢ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ የዛሬው መንገደኛ ቆሞ የማያገኘው የእንጨትና የሣር ቤት ያለው እዚያ ነው።