በላቴክ ሰነድ ውስጥ የሚጠፉ የአማርኛ ፊደላት

በወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴ ግቢም ሆነ በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የመመረቂያ ጽሑፉን በላቴክ ለሚያሰናዳ ተማሪ፣ የአማርኛው ክፍል በፒዲኤፉ ላይ ባዶ ሆኖ ሲወጣ ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደገና መጫን ቀላሉ መፍትሔ ይመስላል። ቀላል ግን አይደለም፤ ሙሉው የቴክ ላይቭ መጫኛ ፋይል ከ4 ጊጋባይት ስለሚበልጥ፣ ፍላሹ ወደ ኤክስፋት ካልተቀየረ በስተቀር በፋት32 ፍላሽ እንኳ አይገለበጥም።

ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የፎንት እንጂ የጭነት አይደለም። ፒዲኤፍላቴክ የማያውቀው ፊደል ሲገጥመው ስሕተቱን ተናግሮ ይቆማል። ዚላቴክ ግን የተመረጠው ፎንት የግእዝ ፊደል ባይኖረውም ሥራውን ይጨርሳል፤ የጎደለውን ፊደል የሚመዘግበው በሎግ ፋይሉ ውስጥ ነው። ከሁለቱ ይበልጥ የሚያሳስተውም ይኸው ዝምታ ነው። እንግዲህ አስቀድሞ ሎጉን ማንበብ፣ ከዚያም «አቢሲኒካ ኤስአይኤል»ን የመሰለ ፎንት በፎንትስፔክ ጥቅል መጥራት ይገባል፤ ጥቅሉ የሚሠራውም በዚላቴክና በሉዋላቴክ ብቻ ነው።