ለወላጅም ቀለብ ይቆረጣል

ቀለብ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ትዳር ሲፈርስ አባት ለልጆቹ በየወሩ እንዲከፍል የሚቆረጥበትን ገንዘብ ነው። ሕጉ ግን ግዴታውን በልጅም ላይ ይጥላል፤ ልጅ አቅም ላጡ እናትና አባቱ ቀለብ መስጠት አለበት። በአማራ ክልል ጉዳዩ የሚታየው በቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 መሠረት ነው።

በአርብ ገበያና በዙሪያው፣ በስማዳም ሆነ በእስቴ፣ አረጋዊ የሚጦረው በልጁ ቤት ነው። እንደ መቄዶንያ ያለ አረጋውያንን የሚጦር ማዕከል የሩቅ ከተማ ወሬ ነው። ስለዚህ በአረጋውያን ላይ የሚደርሰው በደልም የሚፈጸመው በቤት ውስጥ ነው፦ ምግብ መንፈግ፣ ሲታመሙ አለማሳከም፣ ማመናጨቅ፣ መሬቱን ተረክቦ ባለመሬቱን መርሳት። ወጣቱ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ ወርዶ ሲቀር ደግሞ፣ ባለልጅ የተባለው ሽማግሌ ጧሪ አልባ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ስድስት ሰዎች አንዱ በአንድ ዓመት ውስጥ በሚኖርበት አካባቢ አንድ ዓይነት በደል ይደርስበታል።

ቀለብ ጠያቂው ሁለት ነገር ማስረዳት አለበት፦ ዝምድናውን፣ እንዲሁም ችግረኛ መሆኑንና ሠርቶ መኖር አለመቻሉን። የልደት ምስክር ወረቀት ከሌለ ዝምድና በሰው ምስክር ይረጋገጣል። ቀለብ ምግብ ብቻ አይደለም፤ መጠለያ፣ ልብስና ሕክምናም ይገባበታል። ልኩም የጠያቂው ችግርና የሰጪው አቅም ተመዛዝነው ይወሰናል። ደመወዝተኛ ልጅ በወር በወሩ ይቆረጥበታል፤ ገበሬው ግን ገንዘብ የሚያገኘው ምርት ሲደርስ ስለሆነ፣ ክሱ ላይ የልጁን ማሳ፣ ከብትና ሌላ ገቢ ዘርዝሮ ማቅረብ ዳኛውን ይረዳል።

ክሱ ለወረዳ ፍርድ ቤት ይቀርባል። የዳኝነት ገንዘብ መክፈል ያልቻለ፣ ድህነቱን በቃለ መሐላና በማስረጃ አስረድቶ በደሃ ደንብ መክሰስ ይችላል፤ ይህ ከ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ጀምሮ ያለ መብት ነው። ማመልከቻ የሚጽፍለትና የሚያማክረው ለሚፈልግ፣ የጎንደርና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። ለእናቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ። የወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤትም መጠየቅ ያለበት በር ነው።

ድብደባ ወይም ዛቻ ካለ ነገሩ ከቀለብ ያልፋል፤ ለፖሊስ ይነገራል። በሕግ የተጣለበትን ቀለብ ያለ በቂ ምክንያት የሚከለክልም በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይጠየቃል።

ትልቁ እንቅፋት ግን ሕግ አለመኖሩ አይደለም፤ «የወለድሁትን ልጅ እንዴት ችሎት አቆማለሁ?» የሚለው ሐፍረት ነው። ለዚህ ነው ነገሩ መጀመሪያ በሽማግሌ የሚታየው። ሽምግልናው ጥሩ ነው፤ ጉድለቱ «ከእንግዲህ ይጡራቸው» ብሎ መርቆ መነሣቱ ነው። ማን፣ በየስንት ጊዜው፣ ስንት ቁና እህል ወይም ስንት ብር እንደሚሰጥ፣ ሲታመሙም ማን እንደሚያሳክማቸው ተጽፎ በምስክር ካልተፈረመ፣ ልጁ ቃሉን ሲያጥፍ ወላጅ የሚይዘው ነገር የለም። መሬትም «እጦርሃለሁ» በሚል የቃል ተስፋ ብቻ አይሰጥም፤ የስጦታው ውል በመሬት ጽሕፈት ቤት ሲመዘገብ የመጦር ግዴታው አብሮ ይጻፍ።

ሽምግልናው ሲጓተት ጊዜውም ዋጋ ያስከፍላል። በአማራ ክልል የሚሠራው የክልሉ ሕግ ቢሆንም፣ የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ውዝፍ ቀለብ በሦስት ወር ውስጥ ካልተጠየቀ፣ ጠያቂው ለኑሮው የግድ እንደሚያስፈልገው እስካላስረዳ ድረስ፣ መብቱ ይቀራል ይላል። ስለዚህ ሽማግሌ የላከ ወላጅ ቀጠሮው እንዲራዘም አይፍቀድ፤ ልጁ በተባለው ቀን ካልቀረበ በማግስቱ ማመልከቻውን ያስጽፍ።